የጾም ወተት

«የታመምሽው አንቺ ነሽ ብያቸዋለሁ፤ አደራሽን፣ እንዳታጋልጪኝ» አለች ብዙነሽ፣ የቤቱን በር በጀርባዋ እንደ ደገፈች።

ሙሉሐብት ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዛ፣ ከገብስ አውድማው ሥር ያለውን ይህን ቤት ስታገኝ ትንፋሿ ገና አልተመለሰላትም ነበር። በእጇ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ብሎ የሚያበቃ የትብብር ደብዳቤ ይዛለች። በቦርሳዋ ደግሞ በስቴንስል የተባዛ ባለ ሁለት ገጽ መጠይቅ አለ፤ ሃያ ሁለት ጥያቄዎች፣ ከላያቸው «የነቀርሳ ሕሙማን ሕመማቸውን የሚችሉበት መንገድ» የሚል ርዕስ። ጎንደር ካለው የጤና ኮሌጅ ለመመረቅ የሰባት ሕሙማን መልስ ያስፈልጋታል። የስድስቱን ሞልታለች። ደሞዜ የሚባለው የደብረ ታቦር ሆስፒታል ድሬሰር አሥራ አንድ ስሞች ጽፎ ሰጥቷት ነበር፤ አራቱ ቤት ስትደርስ ለቅሶ ተቀምጠው ወይም ለቅሶውን ጨርሰው አገኘቻቸው። ከዝርዝሩ የቀሩት እቴነሽ የተባሉ ሴት ብቻ ናቸው። የጎንደር አውቶቡስ ነገ ማለዳ ይነሣል። ሰባተኛው ወረቀት ባዶውን ከተመለሰ ግን አማካሪዋ ጥናቱን እንደማይቀበሏት በግልጽ ነግረዋታል፤ ምረቃው ለከርሞ ይተላለፋል።

ብዙነሽ የእቴነሽ ምራት ናት። ደብዳቤውን ባታነበውም ማኅተሙን ስታይ ልጅቱን ለመመለስ አልደፈረችም። ነገር ግን ባሏ ማሩ ቤተሰቡን ሁሉ በመስቀል አስምሏል፤ ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርቶ የነገረውን የበሽታ ስም ማንም በእናቱ ፊት እንዳያነሣ። እናቱ የሚያውቁት ብርድ እንደ ሆነ ነው። ጡታቸው ያበጠው በብርድ ነው፤ የቆሰለው በብርድ ነው፤ እጃቸው አልነሣ ያለው በብርድ ነው።

«እና ምን ብዬ ልግባ?» አለች ሙሉሐብት።

«ከከተማ አንዲት ልጅ ያ ክፉ በሽታ ይዟት፣ ሐኪሞቹ ትልልቅ ሰው ሄደሽ ምክር ጠይቂ ብለዋት መጣች ብያለሁ። ሌላ ምን ልበል? እሳቸው ለተቸገረ አይጨክኑም። ስለ ራሳቸው ከጠየቅሻቸው ግን አለቀልን።»

«እኔኮ ጤነኛ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይጎዳሻል?» አለች ብዙነሽ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም መስማት እፈልጋለሁ፣ እታለም። ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ተኝቼ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም።»

በአጥሩ በኩል ድንች የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ ቆም ብለው እንግዳዋ ማን እንደ ሆነች ጠየቁ። ብዙነሽ ቤት ውስጥ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ታማ ነው! ያ የማይጠራው ይዟት ነው!» አለቻቸው። «ውይ፣ በዚህ ለጋነቷ!» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ አማተበች፣ ሸክሟን አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች። ሙሉሐብት ልትጠራቸው አፏን ከፈተች። ብዙነሽ ክንዷን ጨብጣ ያዘቻት።

ቤቱ እስኪጠረግ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ሆዷ ጮኸ። ጧት የበላችው ነገር አልነበረም። ደብረ ታቦር የምታርፍባት አክስቷ ዘነበች፣ የእናቷ ታናሽ እኅት፣ ሙሉሐብት ከጎንደር ይዛው የመጣችውን ብስኩት ከቦርሳዋ ውስጥ አግኝታ ነበር። ማሸጊያው ላይ ላም ተሥሏል። «በነቢያት ጾም ላም የተሣለበት ነገር ቤቴ ታስገቢያለሽ? ኮሌጅ የሚያስተምሯችሁ ይኸንኑ ነው?» ብላ እስከ ማሸጊያው ለጎረቤት ውሻ ወረወረችው። ከዚያም ስለ ጸጉሯ አለመታሰር፣ ስለ ላምባው ማለቅ፣ በጭቃ ጫማ ምንጣፍ ስለ መርገጥ፣ በመጨረሻም ብቻዋን ገጠር ለገጠር ስለ መዞሯ ከበር እስከ መንገድ ድረስ እየተከተለች ቆጣቻት። ዘነበች እንዲህ ናት። በሴቶች ማኅበር ልብስ ስትሰፋ ውላ የተረፋትን ጉልበት ለቁጣ ታውለዋለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ የምትቆጣው የምትወደውን ነው። ሙሉሐብት ድንጋዩ ላይ ሆና ያን ሁሉ ስታስታውስ ብቻዋን ፈገግ አለች። ያኔ ነው የቤቱ ውሻ እግሯ ሥር መተኛቱን ያየችው። ስትመጣ አልጮኸባትም ነበር። አሁንም ዓይኑን ገልጦ አያት፣ ከዚያ የቤት ሰው እንደሚያይ መልሶ ጨፈነ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ከበሩ የሚገባው ብርሃን እስከ ምሰሶው ደርሶ እዚያው ይቆማል። ከምሰሶው ወዲያ ሁለት የእህል ጎታዎች፣ የተጠቀለለ ቁርበት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀንበር፣ በቀኝ በኩል የጭቃ መደብ። በየጥጉ ጤና አዳም ተሰክቷል። ከጤና አዳሙ ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ፤ ሙሉሐብት ከስድስቱ ቤቶች የምታውቀው፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ ከአፍንጫ ይልቅ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። በዚያ ቤት ያ ሽታ መኖሩን የሚያሳይ ፊት ያለው ሰው የለም። እትየ እቴነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የነጠላቸው ጫፍ በግራ ትከሻቸው ላይ ደጋግሞ ተጣጥፏል፣ ከሥሩ ሕፃን የታቀፈ ይመስላል። ፊታቸው ጨለማው ውስጥ ነው። ከጨለማው የወጣው ድምፅ ግን የወጣት ሴት ድምፅ ነበር።

«ነይ፣ ልጄ። ብርሃኑ ላይ ሁኚ፣ ልይሽ። ብዙነሽ፣ አንቺ ውኃ ቅጂ።»

«እማማ፣ እንስራው ሙሉ ነው።»

«ድፊውና ቅጂ።»

ብዙነሽ እንስራውን አንጠልጥላ ወጣች። ደጅ ላይ ውኃው ሲደፋ፣ ከዚያ የእግሯ ኮቴ ወደ ምንጩ ሲርቅ ተሰማ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሙሉሐብት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እጇን በላዩ አጣመረች። ወረቀቱን ማውጣት አትችልም፤ የምትሰማውን በቃሏ ይዛ መንገድ ላይ ልትጽፈው አስባለች። እንዴት እንደምትጀምር ስታወጣና ስታወርድ እሳቸው ቀደሟት።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ከሰኔ ወዲህ ነው» አለች። ይህ ከስድስቱ አንዷ የነበረችው የአንበሳሜዋ ሴት መልስ ነበር፤ ቀድሞ የመጣላት እሱ ነው።

«በምን አወቅሽው?»

«ልብስ ሳጥብ። እጄ ከበደኝ።» ይህም የሴትዮዋ ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።» ይህ የሐሙሲቱ ሸማኔ መልስ ነው። በእርግጥ የስድስቱም መልስ ነው።

እቴነሽ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ አሏት፤ ሌሊት ሌሊት ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል አለች። የምግብ ፍላጎቷን ጠየቋት። ለጸበል መሄድ አለመሄዷን ጠየቋት። ከሰው ጋር ስትሆን ምን እንደምትል ጠየቋት። ሙሉሐብት ከስድስቱ ሰዎች እየተበደረች ስትመልስ፣ ስምንተኛው ላይ አንድ ነገር ቀልቧን ሳበው። ሴትዮዋ የሚጠይቋት በወረቀቱ ቅደም ተከተል ነበር። አንድም አልዘለሉም። ቦርሳዋን በክርኗ ጫን ብላ ያዘችው፤ ዘለበቱ እንደ ተዘጋ ነው። ምናልባት፣ አለች በልቧ፣ የታመመ ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ይሆናል፤ እኛም ከዚያው ይሆናል የቀዳነው። እንደዚያ ብላ ራሷን አጽናናች፤ ክርኗን ግን ከቦርሳው አላነሣችም። ከውጭ፣ ከአውድማው፣ ማሩ በበሬዎቹ ገብስ ሲያበራይ የሚያሰማው ድምፅ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል።

«እናትሽ ታውቃለች?»

ይህ በወረቀቱ ላይ የለም። ከስድስቱም የሚበደሩት መልስ የለም።

«አታውቅም» አለች ሙሉሐብት። «አልነግራትም። ብነግራት ፊቷን ማየት አልችልም።»

ይህን ስትል የገዛ ድምፅዋን ሰማችው፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። ለምን እንደ ሆነ አልገባትም። ሐሙሲት ያለችው እናቷ ደኅና ናት፤ እሷም ደኅና ናት፤ የሚነገር ነገርም የለም። እቴነሽ ከጨለማው ፈቀቅ አሉና ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃን ላይ ወጣ። ቆዳው አጥንቱ ላይ የተለበጠ፣ ዓይኑ ትልቅ ፊት ነበር።

«አሁን አመንኩሽ» አሉ። «ስሚ እንግዲህ። እኔንም ማንም አልነገረኝም። ማሩ ብርድ ነው አለኝ፣ ሐኪሙ ብርድ ነው አለኝ፣ ያ ቀልደኛ ድሬሰር እንኳ ብርድ ነው አለኝ። አምና በዚሁ በነቢያት ጾም ብዙነሽ የሞቀ ወተት ይዛልኝ መጣች። ‹አባ ፈቅደዋል፣ ይጠጡ› አለችኝ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጾም ገድፌ አላውቅም። ብርድ ለያዘው ሰው ደግሞ ቄስ ወተት አይፈቅድም፣ ልጄ። እጇን አየሁት፣ ይንቀጠቀጣል። ወሰድኩና ጠጣሁት። ማወቄ ያን ዕለት ነው።»

«ለምን አላሏቸውም? አውቄያለሁ ብለው...»

«ምን ሊጠቅማቸው? ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፣ እንዳላወቀ ሰው መሆን። ጧት ስነሣ ‹ዛሬ ብርዱ ቀለል አለኝ› እላለሁ። ማሩ ደስ ብሎት በሬውን ነድቶ ይወጣል። ቁስሉ አይደለም የሚያደክመኝ፤ ሳቄን ማምጣቱ ነው የሚያደክመኝ። እነሱ ከኔ ይደብቃሉ፣ እኔ ከነሱ እደብቃለሁ። ቤቱ በዚህ ነው የቆመው። አንዳችን ከተናገርን ሁላችንም እንወድቃለን።»

ሙሉሐብት ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈለገችው ይህን ነበር። ስድስቱ ሰዎች «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» እያሉ ሃያ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ መልስ አልፈዋቸዋል፤ እሷም ያንኑ ቃል በሥነ ሥርዓት ስትገለብጥ ከርማለች። ከዚያ መልስ ጀርባ ያለውን አሁን እኚህ ሴት አውጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። የመጨረሻውን፣ ሃያ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ሳታስበው ጠየቀች።

«እኔንስ ምን ይመክሩኛል?»

«ሲነግሩሽ አይነግሩሽም፤ ከሁኔታቸው ታውቂዋለሽ። የሚቆጡሽ ሰዎች መቆጣት ሲተዉ እወቂ። ያኔ አትጨክኚባቸው። እነሱ የሚሉሽን አንቺም በይላቸው።» እቴነሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ይህን ለጤነኛ ሰው ተናግሬ አላውቅም። አንቺም እንደኔ ብትሆኚ ነው። በዚህ ቤት አፌን የከፈትኩት ለጤነኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ልጄን አሳልፌ የሰጠሁ ይመስለኝ ነበር። ያንቺ የት ላይ ነው?»

ለዚህ አልተዘጋጀችም። እቴነሽ ደኅናውን እጃቸውን ሰደው የሹራቧን ጠርዝ ገለጡ፤ አውራ ጣታቸው በቀሚሷ ላይ፣ በግራ ብብቷ ሥር አረፈ። አልፈለጉም፣ አልዳበሱም። ጣቱ በረዶ ይመስላል። እዚያው ጫን አደረጉትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ ነው» አሉ። «ገና ሕፃን ነው።»

ሙሉሐብት ተሰናብታ ስትወጣ ብዙነሽ እንስራዋን ሞልታ ከምንጩ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ ከሩቅ ጀምሮ ፊቷን ይመረምር ነበር። «ምን አሉሽ?» አለቻት። ሙሉሐብት መንገድ ላይ ስትወርድ ልትጽፈው ያሰበችው ሁሉ አፏ ላይ ነበር። ይቺ ሴት ዓመት ሙሉ ያጣችው መልስ እሷ ዘንድ ነው። ብትነግራት በዚያው ምሽት ማሩ ይሰማል፣ እቴነሽም ነገ ጧት ሳቃቸውን የሚያመጡለት ሰው አይኖርም።

«ብርድ ነው አሉኝ» አለች።

ብዙነሽ ትንፋሿን ለቀቀች። ደስታ ይሁን ኀዘን የማይለይ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። «እግዜር ይስጥሽ» አለች፣ እንስራውን ወደ ጀርባዋ እያሸጋገረች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር ብላ፣ «አንቺንም እግዜር ይማርሽ» አለቻት።

ሙሉሐብት ልትስቅ ፈለገች። ውሸቱን የፈጠረችው ራሷ ብዙነሽ ናት። ግን ሴትየዋ ስትናገር አልቀለደችም፤ ለበሽተኛ እንደሚባለው ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ነው ያለችው።

ከጉና በኩል ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ድንገት ይወጣሉ፣ ያዩዋታል፣ ከመንገዱ ወርደው ጠርዙ ላይ ይቆማሉ። አንድ በግ የሚጎትት ሰውዬ በጉን እግሩ መሐል ይዞ እስክታልፍ ጠበቃት፤ ቆቡንም አወለቀ። ሦስት ሴቶች በአንድ ላይ «እግዜር ይማርሽ» አሏት። «ጤነኛ ነኝ» አለቻቸው። «እንደ አፍሽ ያድርግልሽ» አሉ፣ ሦስቱም በአንድ ድምፅ። ጧት በዚሁ መንገድ ስትወጣ ማንም ልብ ብሎ ያያት አልነበረም። ከተማ ስትደርስ አክስቷ ያዘዘቻትን ሦስት ኪሎ ድንች ለመግዛት ገበያ ገባች። ባለፈው ሳምንት ለአምስት ሳንቲም ግማሽ ሰዓት የተከራከረቻት ድንች ሻጭ ዛሬ ዋጋ አልጠራችም። በስፍሩ ላይ ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት እፍኝ መረቀችላትና «ይበቃሻል? ልጨምርልሽ?» አለቻት። ሙሉሐብት ብሯን ሰጥታ መልሷን ሳትቀበል ሸሸች።

ደሞዜ የቁስል ማጠቢያውን ክፍል እየዘጋ አገኘችው። አጭር፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው።

«መጣሽ? እግዜር ይማርሽ ልበልሽ ወይስ ሰባተኛውን ስላገኘሽ እንኳን ደስ ያለሽ?»

«አንተም ሰማህ?»

«ክንዱ የተሰበረ ሰውዬ ሳስር ነገረኝ። ከጎንደር የመጣች ተማሪ፣ ቀይ ልጅ፣ እዚህ ጋ ይዟታል አለ።» ይህን ሲል እጁ ወደ ግራ ብብቱ ሄዶ ነበር።

ሙሉሐብት እጁን አየችው። እቴነሽ ሲዳስሷት ቤት ውስጥ ከሁለታቸው በቀር ሰው አልነበረም። ብዙነሽ ምንጭ ወርዳ ነበር። ሁለቱ የገበያ ሴቶች ደግሞ እሷ ቤት ሳትገባ በፊት ነው የሄዱት። «ቦታውን ማን ነገረው?» አለች። ደሞዜ እጁን ተመለከተ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚህ ጋ ነው ያለኝ።»

«በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አክስቴ ዘንድ ሂድና ጥናት ነው በላት። ወሬው እስካሁን ሳይደርሳት አይቀርም።»

«እኔ ልንገራት?» ደሞዜ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ሳይጠናቀቅ ተወው። «የኔ እኅት፣ እኔ እዚህ ቤት አሥራ ሦስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ምን ይመስልሻል? ኮሪደር ላይ ቆሜ ምንም አይደለም ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። እኔ ሄጄ ምንም የለባትም ካልኩ፣ ያን ጊዜ ነው እርግጥ የሚሆንባት።»

«እንግዲያው አንተ እየኝ። አሁን፣ እዚሁ።»

ደሞዜ ወደ በሩ ተመለከተ፣ ወደ ቁልፉ ተመለከተ። «ሐኪሙ ሰኞ ይገባል።»

«ነገ እኮ እሄዳለሁ።»

«ጎንደር ከኛ የተሻለ ሐኪም ሞልቶልሽ!» አለና ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ይልቅ አትጨነቂ። ምንም አይደለም።»

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ሁለቱም ሰሙት። ደሞዜ ደነገጠ፤ ቁልፉን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ሙሉሐብት የስሞቹን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ መሐል ቆማ እጇን በሹራቧ ሥር አስገባች። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። ጤነኛ ሰው ብብት ሥርም የሚዳሰስ ነገር ሊኖር እንደሚችል ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምራለች፣ ፈተናውንም በሚገባ አልፋለች። ሽምብራ የምታህል ነገር ከጣቷ ሥር ተንሸራተተች፤ ወይም የተንሸራተተች መሰላት። መልሳ ስትፈልጋት አጣቻት። እንደገና ስትፈልጋት አሁን ያለችም ያልነበረችም አልመስል አለቻት። ከዚያ በላይ ለመፈለግ እጇ እምቢ አላት።

ዘነበች በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነበር። ጀምበር ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ድንቹን ተቀበለቻት፤ በስንት ገዛሽው አላለችም፣ ለምን በዛ አላለችም። ሙሉሐብት ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። አክስቷ ጧት ጧት ተንበርክካ የምታጸዳው ምንጣፍ ላይ ሆን ብላ ወጣች፣ እስከ ስፌት መኪናው ድረስ በጭቃ ሄደች፣ ዞራ ተመለሰች። ቁጣውን ጠበቀች። ዘነበች ጨርቅ አመጣች፣ ጎንበስ ብላ ዱካዋን በዱካ ጠረገችው፣ ቀና ስትል «ደከመሽ፣ የኔ ልጅ? እግርሽን ልጠብሽ?» አለቻት።

ሁለት ሳምንት የተኛችበት ፍራሽ ከወለሉ ተነሥቷል። ቦርሳዋና የሌሊት ልብሷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ባልና ሚስቱ የሚተኙበት አልጋ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የአክስቷ ባል ጋሽ ጌጡ፣ የመንገድ ሥራ መጋዘን ጠባቂው፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው። በዚህ ሰዓት ሬዲዮናቸው ተከፍቶ ጆሮ ያደነቁር ነበር፤ ዛሬ ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። ከመጣች ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ያልተናገሯት ሰው «ትንሽ አረፍ በይ» አሏት።

«አክስቴ» አለች ሙሉሐብት፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «የተወራውን ሰምታችኋል። ውሸት ነው። ጥናቴን እንድጨርስ ብዙነሽ የምትባል ሴት የፈጠረችው ነው። እኔ አልታመምኩም።»

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አለች ዘነበች። «ማን ታመምሽ አለሽ?»

«ጤነኛ ነኝ።»

«እናስ? ጤነኛ ነሽ እንጂ!» ዘነበች ፈገግ አለች። ሙሉሐብት ይህን ፈገግታ በአክስቷ ፊት ላይ አይታው አታውቅም።

ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ሰባተኛውን ወረቀት አወጣች። የሴትዮዋን ቃል ሳትረሳው መጻፍ አለባት። «መቼ ጀመረዎት?» የሚለውን አለፈችው። «በምን አወቁ?» የሚለውንም አለፈችው። ሦስተኛው ላይ፣ «ማን ነገረዎት?» ከሚለው ፊት ለፊት፣ «ማንም» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶው ቆመ። ከዚህ ቀጥሎ የሚጻፈው የወተቱ ነገር ነው። እቴነሽ ግን ለጤነኛ ሰው አልተናገርኩም ብለዋታል። ብትጽፈው የታመመ ሰው አደራ ሰርቃ የወጣች ትሆናለች። ሰራቂ የማትሆንበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ልታስበው አልፈለገችም። ወረቀቱን አየችው። ያቺ አንዲት ቃል የማን መልስ እንደ ሆነች ለመለየት ሞከረች። ቀኑ ቢመሽም የጎንደር አውቶቡስ ገና ነገ ነው፤ አሁንም ተነሥታ ሁለቱንም ተቀምጣ ታስረዳቸዋለች፣ ደብዳቤውን ታሳያቸዋለች፣ ቢያስፈልግ ወረቀቱን ሁሉ ዘርግታ ታነብላቸዋለች። ይህን ወስና ወረቀቱን ስታጥፍ መጋረጃው ተገለጠ።

ዘነበች ለእንግዳ እንኳ የማታወጣውን ባለ አበባ ስኒ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ከስኒው እንፋሎት ይወጣል። ሙሉሐብት ሳታየው ሽታው ነገራት።

«ጾም አይደል እንዴ?» አለች።

«አባ ይርጋን ጠይቄያቸው ነው። ለመንገደኛ ይፈቀዳል አሉ። ነገ መንገደኛ አይደለሽ?» ስኒው በማስቀመጫው ላይ ይንኳኳል። ዘነበች ለማስቆም በአውራ ጣቷ ያዘችው፤ አልቆመም።

ሙሉሐብት ቀና ብላ አየቻት። ያ ፈገግታ አሁንም ፊቷ ላይ አለ። ጠርዝ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። እሱን ለመያዝ ከቀትር ጀምሮ ስንት ጊዜ ጓሮ ወጥታ እንደ ተመለሰች ከዓይኗ ቅላት ታስታውቃለች። ከመጋረጃው ወዲያ ጋሽ ጌጡ የሚተነፍሱም አይመስሉም። አንዴ ብቻ፣ ጤነኛ ነኝ ካለች፣ ያ ፈገግታ ይወድቃል፤ ከወደቀ በኋላ ደግሞ የሚያነሣው የለም። ስኒውን ተቀበለች። ወተቱ ላይ የሰፈረው ስስ ቆዳ ከንፈሯ ላይ ተጣበቀ። ጨርሳ ጠጣችው። ዘነበች ጋቢውን አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፣ ጫፉን በቀኝ በኩል አጠፈችው፤ በግራ በኩል ብብቷ ሥር ስትደርስ እጇ ቆመ፣ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠቀጠቀችው፣ ሕፃን እንደሚሸፈን ቀስ አድርጋ።

«ዛሬ እዚያ ተራራ ላይ ብርድ መታኝ መሰለኝ» አለች ሙሉሐብት።

ዘነበች ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። ትከሻዋ ዝቅ አለ።

«ብርድ ነው» አለች። «ብርድ ነው እንጂ፣ ሌላ ምን ይሆናል?»

ከመጋረጃው ወዲያ ጋሽ ጌጡ ሬዲዮናቸውን ከፈቱ።